ያልታዘዝሁት አራት ሊትር ዘይት

ዘይት የሚጠጣ ሞተር የታመመ ሞተር ነው። ይህን ለሠላሳ ዓመት ስናገር ኖሬአለሁ። በፍኖተ ሰላምና በአካባቢዋ የወፍጮው ጭስ ሰማያዊ የሆነበት ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም ሞተሩን ሳልነካ፣ ጭሱን ብቻ አይቼ «ፋሻው አልቋል» እለዋለሁ። ፋሻ የምንለው ፒስተኑን አቅፎ የሚይዘውን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲሳሳ ዘይቱ ሽቅብ ይሾልክና ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ቀለበቱ ሲለወጥ ጭሱ ይጠራል። በዚህ ነገር ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ሰውን የሚጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የማያውቀውንማ ቀስ ብሎ ነው የሚረግጠው።

ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር ከባሕር ዳር መካኒክ ይመጣል፤ እሱ ሲፈታ ቆሜ አያለሁ፤ ሲሄድ ያየሁትን በከሰል ግድግዳው ላይ እሥላለሁ። አንድ ክረምት መካኒኩ ሳይመጣ ቀረ። ግድግዳውን እያየሁ ፈታሁት፣ ግድግዳውን እያየሁ መልሼ ገጠምሁት፣ ሞተሩም ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ እሱ ያልደረሰበት ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለዋል። ይህ ጠባይ እኔም ላይ አለ። ልጆቼ በደንብ ያውቁታል።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። ልጆቼን በቁጣ ነው ያሳደግሁ፤ በተለይ ውሸት ላይ ምሕረት አልነበረኝም። «ያላየሽውን አየሁ አትበይ፤ ያየሽውን አላየሁም አትበይ» እያልሁ አሳደግኋት። ትምህርቷን ጨርሳ የአውሮፕላን ጥገና ልማር ስትለኝ «የምድሩን ሳትጨርሺ የሰማዩ ምን አስቸኮለሽ?» ብዬ ከለከልኋት። መምህርት ሆና አጠገቤ እንድትኖር ነበር ሐሳቤ። እናቷ ስንቋን ቋጥራ ላከቻት። ከዚያ በኋላ ስልክ ስትደውል «ደኅና ነሽ? ደኅና ሁኚ» እላታለሁ እንጂ ስለ ሥራዋ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መጠየቅ መሸነፍ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ተምች ገባ። በቆሎው ጉልበት ደርሶ ነበር። ጧት ለምለም ሆኖ ያየነው ማሳ ማታ አጥንቱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። በጀርባ የሚታዘል መርጫ ያለው ሰው የራሱን ዳር ሳይጨርስ ትሉ መሐል ላይ ይቀድመዋል። በመጨረሻ አውሮፕላን ይመጣል ተባለና፣ ከቡሬ ወረድ ብሎ ያለው የጋራ ግጦሽ ሜዳ ማረፊያ እንዲሆን ተመረጠ። ከብቱን አስወጣን፣ ኩይሳውን ናድን፣ ድንጋዩን ለቀምን። ከሜዳው አጠገብ ከአባቴ የወረስሁት ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ፤ አንድ ጎረቤቴ የእኩል ያርሰዋል። ይህ ሰው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ምላሱ ደግሞ ከማረሻ ይስላል። ሥራውን ትቼ ከእሱ ዘንድ ሰነበትሁ። የመጣሁት ለመሬቴ ነው እላለሁ እንጂ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር የምትመጣው የጥገና ባለሙያ ልጄ እንደሆነች እናቷ ነግራኛለች።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ መጀመሪያ ያየሁት ክንፉን አይደለም፤ አፍንጫውን ነው። ዘጠኝ ሲሊንደር እንደ ሱፍ አበባ ቅጠል ዙሪያውን በክብ ተደርድሯል። በዕድሜው እኔን ይበልጣል አሉ። ውሃ የሚባል የለበትም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ነው። እጄን ሳልነካው ዘርግቼ ሙቀቱን ብቻ ሞቅሁት። እውነት ለመናገር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደሚያደርገኝ አደረገኝ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ እንደያዝሁ ያወቅሁት ጎረቤቴ ሲስቅብኝ ነው።

ልጄ ከተባይ መድኃኒቱና ከነዳጁ በርሜሎች ጋር በመኪና ቀድማ ደርሳ ነበር። ቱታ ለብሳለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች፤ ዘይት ስለነካው። እኔ ግን ዐይኔ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ነበር። ዘይት ያንጠባጥባል። ሆዱ በሙሉ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በዘይት ተዥጎርጉሯል።

«ይህ ሞተር ፋሻ ጨርሷል» አልኋት። ከአራት ዓመት በኋላ ለልጄ ፊት ለፊት የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«አልጨረሰም አባየ። ደኅናው እንዲህ ነው» አለች።

«ዘይት የሚጠጣ ሞተር ደኅና ነው?»

«ሲሠራ ላላ ተደርጎ ነው የተሠራ። ሲግል ብረቱ ስለሚያብጥ ቦታ ተተወለት። ያንን ቦታ የሚሞላው ወፍራሙ ዘይት ነው፤ ከሱም ጥቂቱ ያልፍና ይቃጠላል። መጠጣቱ አያስጨንቀኝም፤ በሰዓት ስንት እንደሚጠጣ እየለካሁ እጽፋለሁ። ከልኩ ሲጨምር እጨነቃለሁ። ሲቀንስም እጨነቃለሁ።»

«ሲቀንስ ደግሞ ምን ያስጨንቃል?»

«መድረስ ካለበት ቦታ ሳይደርስ ቀርቶ እንደሆነስ?»

ጎረቤቴ ጣልቃ ገባ። «ሞተሩም እንደኔ ጠጪ ነው በሉኛ! ልዩነታችን እሱ ጠጥቶ ይበራል፣ እኔ ጠጥቼ እወድቃለሁ።» አብራሪው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጋ ያለ ሰው፣ በጣም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በልቤ ያልሁት፣ ልጄ የአሮጌውን ዕቃ ነውር እንድትሸፍን ተምራ መጣች ነው።

በማግስቱ ጧት ሲያስነሡት ግን አፌ ተዘጋ። ሜዳው ገና ጤዛ ለብሷል። ልጄ ወደ ፕሮፔለሩ ሄደችና ሞተሩ ሳይነሣ በእጇ ትገፋው ጀመር፤ አንዱን ክንፍ ስታወርድ ሌላው ይመጣል፤ ከንፈሯ እየቆጠረ ነው። ሌሊቱን ዘይቱ እየወረደ ከታችኞቹ ሲሊንደሮች ይገባል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሳይወጣ ሞተሩ ከተነሣ የገዛ አጥንቱን ይሰብራል። ስለዚህ ጧት ጧት በሰው ክንድ ቀስ ተደርጎ ይቀሰቀሳል። ይህን ስትነግረኝ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ሰማኋት። እኔ የማውቀው ሞተር ሁሉ በመርገጥና በመጎተት የሚነሣ ነው፤ በትሕትና የሚቀሰቀስ ሞተር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አብራሪው ገብቶ ለኮሰው። አንዱ ሲሊንደር ተኮሰ፣ ሦስተኛው መለሰለት፣ ድፍን ሰማያዊ ጭስ ሜዳውን ዋጠው። እኔ የበሽታ ምልክት የምለው ጭስ እንዳለ ወጣ። ጭሱ ሲበተን ዘጠኙም በአንድ ድምፅ ይዘምሩ ነበር። ቶሎ አልሄደም፤ ወፍራሙ ዘይት ሞቆ እስኪቀጥን ድረስ ቆመው ጠበቁት። ወጥቶ በበቆሎው አናት ላይ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል፣ እንጨት ተሸካሚ ሊነካው በሚችል ከፍታ እያጎነበሰ ሲረጭ፣ አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌዎች ያማትቡ ነበር። እኔ ሳላማትብ ቀረሁ፤ ረስቼው ነው።

እንደዚህ ሁለት ጧት ሠራ። ከረፋዱ በኋላ ንፋስ ስለሚነሣ፣ ከሰዓትም ዝናብ ስለሚጥል፣ ሥራው ጧት ብቻ ነው። በየማረፊያው ልጄ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ታወጣለች፣ ትጠርጋለች፣ ትነክራለች፣ በደብተሯ ትጽፋለች። ከዚያ ትንሽ ትጨምራለች። ሁልጊዜ የምትጨምረው ግን ማጠራቀሚያው እስኪሞላ አይደለም፤ ሩብ ያህል ጎደሎ ትተወዋለች። አብራሪውን «ከዚህ በላይ ብሞላው ትርፉን በመተንፈሻው ይተፋዋል» ስትለው ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰማ፤ እኔ ግን በሌላ ተረጎምሁት። ከመኪናው ላይ ያየሁት የዘይት ጀሪካን አንድ ብቻ ነበር። ዘይት አጥሯቸዋል፣ ለመንገር ግን አፍረዋል ብዬ ፈረድሁ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ቤት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ያደረግሁት ነገር እብደት ብቻ ይመስላል። እኛ ቤት እንግዳ ሲያድር ከሰውየው አስቀድማ የምትበላ በቅሎው ናት። አባቴ እንግዳው ሳያይ ከጎተራ ገብስ ዘግኖ ይሰጣታል። ስለዚያ ገብስ ማታም አይወራም፣ ጧትም አይወራም። ቢነገር እንግዳው ያፍራል፤ ስንቅ አንሶት እንደመጣ ይቆጠርበታል። አደራ የተቀበሏት በቅሎ ከስታ ብትመለስ ለቤቱ ነውር ነው፤ ጠግባ ብትመለስ ደግሞ ማን እንዳጠገባት አይጠየቅም። እኔ ይህን ይዤ ነው ያደግሁ። ጥሩ ነገር ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ለበቅሎ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ አብራሪውና ልጄ ምሳ ሊበሉ ወደ ቡሬ ሄዱ። ሜዳውን በተራ እንጠብቅ ነበርና ተራው የእኔ ሆነ። ልጄ ስትሄድ «አባየ፣ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ። እኔ «ማንም» ውስጥ የምቆጠር አልመሰለኝም። ለወፍጮ ሞተሮች ብዬ ከፍኖተ ሰላም ይዤው የመጣሁት፣ ክዳኑ ያልተከፈተ፣ አራት ሊትር ምርጥ የናፍጣ ሞተር ዘይት ነበረኝ። በሱቁ ካለው ዘይት ሁሉ ውዱ ነው፤ ለራሴ ሥራ እንኳ ስሳሳለት የኖርሁት ነው። ከፍቼ በጣቴ መካከል አሸሁት። ማር ይመስላል። የማጠራቀሚያውን ክዳን ፈታሁ፣ ዘንጉን አወጣሁ፣ ጎደሎውን አየሁ፣ አፈሰስሁበት። እስከ አፍጢሙ ሞላሁት። ክዳኑን ጠርጌ መለስሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ የተጋደምሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሲመለሱ ምንም አላልሁም። የገብሱ ሥርዓት እንደዚያ ነው።

በሦስተኛው ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ንፋሱ ተኝቶ ነበር። የሚረጨው ክፍል የእኔና የጎረቤቴ መሬት ያለበት ታችኛው ወገን ነው። ገበሬው ሜዳው ዳር ተሰልፏል። ልጄ ዘንጉን አውጥታ ጠረገች፣ ነከረች፣ አየች። እንደገና ጠረገች፣ ነከረች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች።

«ስንት ነው?» አለ አብራሪው።

«ትናንት ከተውሁት በላይ ነው።»

«በላይ? አዳሩን ወለደ እንዴ?»

«ሰኔ አይደል፣ ሁሉም የሚወልድበት ነው» አለ ጎረቤቴ፤ ሰዉ ሳቀ።

«አዳሩን ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ሊጎድል እንጂ ሊጨምር አይችልም» አለች ልጄ።

አብራሪው ደብተሩን ተቀብሎ አየ። «ስሚኝ። ትናንት ደክሞሽ ነበር። አንድ መስመር አሳስተሽ ጽፈሽ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ብንዘገይ ንፋሱ ይነሣል፤ እነዚህን ሰዎች እያቸው። ዘይት ጎደለ ብትዪኝ እቆማለሁ፤ በዛ ብትዪኝ ምን ብዬ ልቁም?»

ክፉ ሰው አይደለም። የተናገረው ነገርም ከውጭ ለሚያይ ሰው ልክ ነው። ልጄ ደብተሩን መልሳ ያዘችና የገዛ እጅ ጽሕፈቷን አየችው። ዙሪያዋን የቆመው ሁሉ ወንድ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል፣ ከሁሉም በላይ እኔ አባቷ እዚያ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምናልባት... ተሳስቼ ይሆናል» አለች። የትናንቱን ቁጥር ልትሰርዝ እስክሪብቶ አወጣች።

እውነቱን ልጻፍ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዘይቴ ጉዳት ያመጣል ብዬ አላሰብሁም። ስለዚህ አብራሪው ይወድቃል ብዬ ሰግቼ አይደለም የተናገርሁ፤ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ለራሴ ያልሠራሁትን ጽድቅ መስጠት ይሆናል። ዝም ብል ምንም የማይሆን፣ ስሜም የማይነሣ መስሎኝ ነበር። ያላስቻለኝ እስክሪብቶዋ ነው። ያየችውን አላየሁም ልትል ነው። በበትር እንዳታደርገው ያስተማርኋትን ነገር፣ በእኔ ዝምታ ምክንያት ልታደርገው ነው።

«አትሰርዢ» አልሁ። «እኔ ነኝ የጨመርሁበት።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ዐይኗ እንዳልዋሻት አወቀች። ከዚያ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ።

«የምን ዘይት ነው?»

«የናፍጣ ሞተር። ምርጡን ነው።»

«ስንት ሊትር?»

«አራት።»

«መቼ?»

«ትናንት ቀትር ላይ።»

«ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አልተነሣም። ፕሮፔለሩንስ ነክተዋል?»

«አልነካሁም።»

እንደ ሐኪም ነው የጠየቀችኝ። አንድም ተጨማሪ ቃል የለ። አብራሪው የአውሮፕላኑ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰደበኝ ጎረቤቴ ነው። «በቅሎ መሰለችዎ? ጋማዋንስ ሳያበጥሩላት ቀሩ?» አለ። ከዚያ ወደ በቆሎው እያየ፣ አሁን ያለ ቀልድ፣ «መሬትዎን ትሉ ቢበላው የእርስዎ ነው፤ እኔ ግን ላቤ አለበት» አለ።

ልጄ ማጠራቀሚያውን እስከ መጨረሻው አፈሰሰችው፤ የራሷም ደኅና ዘይት ከእኔው ጋር ተደባልቆ ወጣ። የዘይቱን ማጥለያ ወንፊት ፈትታ አጠበች። የተረፋት አንድ ጀሪካን ለመጨመሪያ እንጂ ለመሙያ የሚበቃ አይደለም። ወደ ባሕር ዳር ተደወለ፤ ዘይቱ የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ነው ተባለ። ከዚያ ደብተሩን አምጥታ ሰጠችኝ።

«አባየ፣ ይጻፉልኝ። በእጅዎ።»

የምን ዘይት እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ መቼ እንደጨመርሁ ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ «ለበጎ አስቤ» ብዬ ጨመርሁበት። አነበበችው። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ያችን «ለበጎ አስቤ» ብቻ በአንድ መስመር ሰረዘቻት።

«ሞተሩ ይህን አያነብም» አለች።

ቁጣዬ መጣ። ልጅ አባቷን በሰው ፊት! ግን ምን ልበል? እኔ አይደለሁም እንዴ ሳህን ሰብረው «ሳላስበው ነው» ያሉትን ልጆቼን «ሳህኑ ሐሳብሽን አልጠየቀም» ስል የኖርሁት? ዋጥ አደረግሁት።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ሁለት ሥራ ሠራሁ። አንደኛው ጉድጓድ ነው። ተምች ተሰልፎ ስለሚሄድ በማሳው ዳር ቦይ ከተቆፈረለት እየወደቀ ይገባል። ከጎረቤቴ ጋር ስንቆፍር ዋልን፤ መጀመሪያ የእሱን የራሱን ማሳ፣ ከዚያ የጋራችንን። «ቶሎ ቶሎ ይበሉ መሃንዲሱ፣ ትሉ ዘይት አይጠጣም፤ አይቆምም» ይለኛል። ጀርባዬ እየተሰበረ እስቃለሁ። ያም ሆኖ ከሁለቱ ጥማድ ታችኛው አንዱ ተበላ።

ሁለተኛው ሥራዬ ሙከራ ነው። ልጄ ምክንያቱን ነግራኛለች። የናፍጣ ሞተር ዘይት ውስጥ ጥቀርሻ የሚያጥብ መድኃኒት አለበት፤ መድኃኒቱ ከማዕድን የተሠራ ነው። የናፍጣው ሞተር ዘይት ብዙ ስለማያቃጥል ይጠቅመዋል። ይህ አሮጌ ሞተር ግን ዘይቱን እየጠጣ ያቃጥላል፤ ሲቃጠል ማዕድኑ አመድ ሆኖ ከፒስተኑ አናት ላይ ይጋገራል፤ አመዱ እንደ ፍም ግሎ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሳይተኩስ ነዳጁን ይለኩሰዋል። ያኔ ፒስተኑ ይበሳል። በዚያ ላይ ለዘመናት የተጋገረውን አሮጌ ጥቀርሻ ፈንቅሎ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። «የእርስዎ ሞተር ቢቆም ወፍጮው ይቆማል፤ ይህ ሰማይ ላይ ቢቆም ሜዳ የለውም» አለችኝ።

ገባኝ፤ ግን በነገሩኝ ብቻ ማመን አልችልም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ፍኖተ ሰላም ቤቴ ሄድሁና ሁለት የጣሳ ክዳን ከሰል ላይ ጣድሁ። በአንዱ ከእኔ ዘይት አንድ ማንኪያ፣ በሌላው ልጄ ለምኜያት ከሰጠችኝ ከእሷው አንድ ማንኪያ። ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ቤቱን ሲኦል ሲኦል አሸተትኸው» እያለች ወጣች። ሁለቱም ተንጨረጨሩ፣ ተቀጣጠሉ፣ ጠቆሩ። ከሰሉን እያራገብሁ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። የልጄ ክዳን በመጨረሻ ጠቁሮ፣ ከዚያ ጥቁሩም ተቃጥሎ ባዶ ብረት ቀረ። በእኔው ክዳን ላይ ግን ስስ ግራጫ አመድ ተነጥፎ ነበር፤ በጥፍሬ ብፍቀው ተፈቀፈቀ። አንድ ማንኪያ ነው ይህ። በአራት ሊትር ውስጥ ስንት ማንኪያ እንዳለ አልቆጠርሁትም።

ያንን ክዳን ይዤ ቁጭ ብዬ ያሰብሁት ስለ ኃጢአቴ ብቻ አይደለም። የገረመኝ ሰው ነው። ከስንት ዘመን በፊት፣ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ሞተሩ ዘይት እንደሚጠጣ አውቆ፣ መጠጣቱን ሊከለክለው ሳይሞክር፣ ይልቅስ ቢጠጣው የማይጎዳውን ዘይት ፈልጎለታል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተሩን ድካም ስቀጣ ኖርሁ፤ ድካሙን ተቀብሎ የሚስማማውን ማብላት የሚባል ጥበብ እንዳለ አላውቅም ነበር። ልጆቼንም እንዲሁ ነው ያሳደግሁ፤ ለሁሉም አንድ በትር፣ የማምንበትን ምርጡን።

ዘይቱ በተባለው ቀን ማታ ደረሰ። በማግስቱ ጧት ልጄ ትንሹን አፍስሳ ማጠራቀሚያውን አለቀለቀች፣ ያንንም አውጥታ ደፋች፣ ከዚያ ሞላች፤ ያንኑ ሩብ ጎደሎ ትታ። ፕሮፔለሩን በእጇ እየገፋች ቆጠረች። አብራሪው ለኮሰው፤ ሰማያዊው ጭስ ሜዳውን ሸፈነው፤ እስኪሞቅ አስጮኸውና መልሶ አጠፋው። አዲሱ ዘይት በየቧንቧው ከተዳረሰ በኋላ እንደገና መለካት ነበረበት። ገበሬው እንደዚያ ቀን ዳር ላይ ተሰልፏል። እኔ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ነበር።

«አባየ፣ ይምጡ» አለች። ዘንጉን በጣቷ አሳየችኝ። «ይለኩ።»

አብራሪው ቀና ብሎ አያት። ወጥቼ ዘንጉን ሳብሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ መልሼ ነከርሁ፣ አወጣሁ። መስመሩን ሁለት ጊዜ አይቼ ቁጥሩን ነገርኋት።

ዘንጉን ከእጄ ተቀበለች። ጠረገችው። ራሷ ነከረችው።

ጎረቤቴ ከኋላ «አላመነችዎትም» ሲል ሰማሁት። አብራሪው እንዳላፍር ብሎ ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ። እኔ ግን አላፈርሁም። ዘጠኙ ሲሊንደር ያን ዘይት ጠብቆ የቆመ ነው፤ ከኋላው ሰው ይቀመጣል፤ አባትም ቢለካ እንደገና ይለካል። ልጄ ማንንም ሳታፍር፣ ለማንም ሳትቸኩል፣ ዘንጉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ስታነብ አየኋት። ያን ያህል የሚያስፈራና የሚያኮራ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ቁጥሩን ጻፈች። ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ አብራሪውን «ውጣ» አለችው፤ አስነሥቶ ወደ ሰማይ ወጣ።